የተበላሸ ፓኬትን ሪሲቨሩ ራሱ እንዲጠግን ማድረግ፦ በርካሽ 433 ሜጋኸርዝ ሞጁል ላይ ኤረር ኮሬክሽን ደረጃ በደረጃ

በርካሾቹ 433 ሜጋኸርዝ ሞጁሎች ፕሮጀክት የሞከረ ሰው ይሄን ያውቀዋል፣ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሲሆኑ ቆንጆ ይሠራሉ፣ ከዛ ትራንስሚተሩን ጣራ ላይ ሮቶው ጋ አስራችሁ ሪሲቨሩን ሳሎን ስታስገቡት ግማሹ ዳታ የት እንደገባ አይታወቅም። አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ወይ አንዱን ፓኬት አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግሞ መላክ ይጀምራል ወይ ሌላ ውድ ሞጁል ይገዛል። ግን እነዚህ ሞጁሎች ባንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሠሩ ሪሲቨሩ "አልደረሰኝም ድገምልኝ" ሚልበት መንገድ የለውም፣ ስለዚህ ዳታውን ስንልከው ገና ሲበላሽ መጠገን በሚችልበት መልክ መላክ አለብን። ኤረር ኮሬክሽን ሚባለው ይሄ ነው፣ አርዱዊኖ ኡኖ ላይ እንኳን በደንብ ይሠራል።

እዚህ ምሠራው ምሳሌ የሮቶ ውሃ ልክ ሚልክ ሴንሰር ነው፣ እናንተ የዶሮ ቤት ሙቀትም ይሁን የበር ሴንሰር ቀይራችሁ ተጠቀሙበት። ከሁሉም በላይ እንድትይዙልኝ ምፈልገው ግን ኮዱን ከመምረጣችሁ በፊት ስህተቱ ምን ዓይነት እንደሆነ በዓይናችሁ እዩ። ብዙ መመሪያ ላይ ሃሚንግ፣ ሪድ ሶሎሞን፣ ቪተርቢ እየተባለ ስም ይደረደራል፣ የትኛው ለናንተ እንደሚሆን ግን ሚነግራችሁ ራሱ የሚመጣው ስህተት ነው።

መጀመሪያ ሌላው ነገር ይስተካከል

ኮድ መጥፎ አንቴናን አያድንም። ለ433 ሜጋኸርዝ ቀጥ ያለ 17 ሳንቲሜትር ገደማ ሽቦ (የሞገዱ ርዝመት አንድ አራተኛ ነው) በሁለቱም በኩል በይዱ፣ ከቆርቆሮው ራቅ አድርጉት። ሪሲቨራችሁ በጣም ርካሹ ሱፐር ሪጄኔሬቲቭ ሚባለው ዓይነት ከሆነና አቅሙ ካላችሁ ሱፐር ሄትሮዳይን በሚባለው ቀይሩት፣ የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ነው ለውጡ ግን ትልቅ ነው። ከሪሲቨሩ ፓወር ፒን ጠጋ አድርጋችሁ ካፓሲተር ግጠሙ።

አንድ ማሳሰቢያ ደግሞ ከውጭ ለሚያስመጡ። ኢትዮጵያ ከአውሮፓ ጋር በአይቲዩ (ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት) አንደኛው ሪጅን ውስጥ ነው ያለችው፣ አሜሪካ ሁለተኛው ውስጥ ናት፣ 915 ሜጋኸርዝ ያለፈቃድ ሚሠራበት እዛ ነው። አሜሪካ ያለ ዘመድ ሞጁል ሲልክላችሁ 915 ሚለውን እንዳያመጣ ቀድማችሁ ንገሩት። እዚህ አገር ፍሪኩዌንሲ ሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፣ ከቤት ሙከራ አልፋችሁ ለሥራ ምትዘረጉት ከሆነ እነሱን ጠይቁ።

ደረጃ 1፦ ስህተቱን በዓይን ማየት

አርዱዊኖ ላይ ሰው ሁሉ ሚጠቀመው የራዲዮሄድ ላይብረሪ የተበላሸ ፓኬት ሲያገኝ ዝም ብሎ ይጥለዋል፣ ስለዚህ ምን እንደተበላሸ በጭራሽ አታዩም። ኮዱ ክፍት ነውና ፓኬቱን ሚፈትሸውን ክፍል ትታችሁ ቢት ሚያነበውን ክፍል ብቻ ውሰዱ (በአንድ ቢት 8 ናሙና እየወሰደ ብዙው ወደየት እንዳደላ ይወስናል)። ከዛ ትራንስሚተሩ ሁሌ አንድ ዓይነት፣ እናንተ በቃላችሁ ምታውቁትን 32 ባይት ይላክ፣ ሪሲቨሩ የመጣውን ካወቀው ጋር ኤክስኦር (ሁለት ቢት ከተለያዩ 1፣ ከተመሳሰሉ 0 ሚሰጥ ሂሳብ) አድርጎ ሲሪያል ሞኒተር ላይ ያትም። 0 ማለት ትክክል፣ 1 ማለት የተበላሸ ቢት ነው።

ሦስት ዓይነት መልክ ይመጣል። አንዱ እንዲህ ነው፦

00000000 00010000 00000000 00000000 01000000 00000000

ይሄ የተበታተነ ስህተት ነው፣ ሲግናሉ ደካማ ስለሆነ ኖይዝ እዚህም እዛም አንድ አንድ ቢት ይገለብጣል። ሁለተኛው፦

00000000 00000111 10110111 01101000 00000000 00000000

ይሄ የጅምላ ስህተት ነው። የውሃ ፓምፑ ሲነሳ፣ ጎረቤት ብየዳ ቤት ሲሠራ፣ ወይ የሌላ ሰው የመኪና ሪሞት ሲጫን ለአፍታ ሁሉንም ይሸፍነዋል፣ ከዛ በፊትና በኋላ ያለው ንጹህ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከሆነ ቦታ ጀምሮ እስከ ፓኬቱ መጨረሻ ግማሽ በግማሽ ሚበላሽ ነው። እሱን ኮድ አያድነውም፣ ሪሲቨሩ አንድ ቢት ዘሎ ወይ ደግሞ አንብቦ ሁሉም ወደ ጎን ተንሸራቷል ማለት ነውና የሰዓቱን አያያዝ አስተካክሉ ወይ ፓኬቱን አሳጥሩት።

ፓምፑን እያስነሳችሁም እያጠፋችሁም ሞክሩ፣ ማታም ቀንም። ከተማ ውስጥ ጣራ ላይ በሚሠራ ነገር የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተደባልቀው መምጣታቸው የተለመደ ነው፣ እኛም ምንሠራው ለሁለቱም ሚሆን ነው።

ደረጃ 2፦ ፓኬቱና ሲአርሲው

ፓኬታችን 16 ባይት ይሁን። 1 ባይት የሴንሰሩ አድራሻ፣ 1 ባይት ተራ ቁጥር፣ 2 ባይት የውሃው ልክ በሚሊሜትር፣ 2 ባይት የባትሪ ሚሊቮልት፣ ሌላ 8 ባይት ለፈለጋችሁት፣ የመጨረሻው 2 ባይት ሲአርሲ 16 (ዳታው መበላሸቱን ለማወቅ ከራሱ ከዳታው ሚሰላ መፈተሻ ቁጥር)። ፖሊኖሚያሉ በሄክስ 1021፣ መነሻው በሄክስ አራት ኤፍ ያለውን ተጠቀሙ። ፋንክሽናችሁ ትክክል መሆኑን ለማየት 123456789 ሚለውን ጽሑፍ (9 ፊደል አድርጋችሁ እንደ አስኪ) ስጡት፣ በሄክስ 29ቢ1 ካልመለሰ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል።

"ኤረር ኮሬክሽን ካለ ሲአርሲ ምን ያደርጋል" ብሎ ሚያወጣው ሰው አለ፣ እባካችሁ አታውጡት። ኮሬክሽን አቅሙ ካለፈ ዝም አይልም፣ የተሳሳተውን ወደ ሌላ የተሳሳተ ነገር "ያስተካክላል" ከዛ በሙሉ ልብ ይሰጣችኋል። ሮቶው ባዶ ሆኖ ሙሉ ነው ብሎ ካነበበ ፓምፑ አይነሳም፣ ሞልቶ ባዶ ነው ካለ ደግሞ ውሃው ሲፈስ ያድራል። የመጨረሻው ዳኛ ሁሌም ሲአርሲው ነው።

ደረጃ 3፦ ሃሚንግ፣ መጀመሪያ በእጅ

ሪቻርድ ሃሚንግ ቤል ላብስ ሲሠራ ቅዳሜና እሁድ ሰው በሌለበት ኮምፒውተሩ ስህተት ባገኘ ቁጥር ሥራውን እየጣለበት ስለተናደደ፣ ስህተት መኖሩን ካወቀ ቦታውንም ለምን አያውቅም ብሎ ነው የጀመረው፣ በ1950 እ.ኤ.አ. አሳተመው። ሀሳቡ እንዲህ ነው። 4 የዳታ ቢት አለን፣ 3 ፓሪቲ ቢት (ከዳታው ተሰልተው ሚጨመሩ መፈተሻ ቢቶች) እንጨምራለን፣ ከ1 እስከ 7 ባሉ ቦታዎች ላይ ይቀመጣሉ። ቦታ 1፣ 2 እና 4 የፓሪቲ ናቸው፣ ቦታ 3፣ 5፣ 6 እና 7 የዳታ።

ቦታ 1 = ቦታ 3 ኤክስኦር 5 ኤክስኦር 7
ቦታ 2 = ቦታ 3 ኤክስኦር 6 ኤክስኦር 7
ቦታ 4 = ቦታ 5 ኤክስኦር 6 ኤክስኦር 7

ዳታችን 1011 ቢሆን ቦታ 3 ላይ 1፣ 5 ላይ 0፣ 6 ላይ 1፣ 7 ላይ 1 ይቀመጣል። ስናሰላው ቦታ 1 ላይ 0፣ ቦታ 2 ላይ 1፣ ቦታ 4 ላይ 0 ይወጣል፣ ስለዚህ ምንልከው 0110011 ነው። አሁን መንገድ ላይ 6ኛው ቢት ተገለበጠና 0110001 ሆኖ ደረሰ እንበል። ሪሲቨሩ ሦስቱን ፍተሻ ይደግማል፣ ቦታ 1፣3፣5፣7 ኤክስኦር ሲደረጉ 0፣ ቦታ 2፣3፣6፣7 ኤክስኦር ሲደረጉ 1፣ ቦታ 4፣5፣6፣7 ኤክስኦር ሲደረጉ 1። የመጀመሪያው ፍተሻ 1፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 4 ዋጋ አለው፣ 2 ሲደመር 4 = 6። የተበላሸው 6ኛው ነው! መልሶ ይገለብጠዋል፣ አለቀ። ሦስቱም 0 ከሆኑ ምንም አልተበላሸም። ይሄን አንድ ጊዜ ወረቀት ላይ በእጃችሁ ሥሩት፣ ከዛ በኋላ ያለው ሁሉ ይቀላችኋል።

8ኛ ቢት ደግሞ ጨምሩ፣ የሰባቱ ሁሉ ፓሪቲ። በምሳሌያችን 0110011 ውስጥ አራት 1 ስላለ 8ኛው 0 ነው። ጥቅሙ ሁለት ቢት ሲበላሽ ነው፣ 7 ቢት ብቻ ቢሆን ሁለት ስህተትን እንደ አንድ ቆጥሮ ሌላ ቢት ያበላሽ ነበር፣ 8ኛው ሲኖር ግን ሦስቱ ፍተሻዎች ስህተት አለ እያሉ ጠቅላላው ፓሪቲ ልክ ከሆነ ሁለት ስህተት መሆኑን አውቆ "ይሄን አልነካም" ብሎ ምልክት ያደርግበታል። ደሞ 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ ለፕሮግራም ይመቻል።

አርዱዊኖ ላይ ይሄን ሂሳብ እያንዳንዱ ጊዜ አታስሉ፣ ሠንጠረዥ ሥሩ። ለመላክ 16 ባይት ሠንጠረዥ፣ ለመቀበል 256 ባይት ሠንጠረዥ፣ የመጣው ባይት ራሱ ኢንዴክስ ይሆንና ዳታውን ወይ "አላወቅኩም" ሚለውን ምልክት ይመልሳል። የኡኖ ራም 2 ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ ሠንጠረዡን ፍላሽ ውስጥ አስቀምጡት። ሠንጠረዡን ስትጨርሱ ምልክት የተደረገባቸውን ቁጠሩ፣ 112 መሆን አለባቸው፣ 16ቱ ትክክለኛ ቃላት ከነአንድ ስህተታቸው 144 ይይዛሉ የቀረው 112 ነው። ሌላ ቁጥር ከመጣ ሠንጠረዡ ተበላሽቷል።

ደረጃ 4፦ ኢንተርሊቪንግ

ብዙ ሰው ሚዘለው ግን ለጅምላ ስህተት ዋናው መድኃኒት ይሄ ነው። ሃሚንግ በአንድ ባይት ውስጥ አንድ ስህተት ብቻ ነው ሚጠግነው፣ ፓምፑ ሲነሳ ግን 20 ተከታታይ ቢት ነው ሚሄደው፣ ስለዚህ ሃሚንግ ብቻውን ካለ ሁለት ሦስት ባይት ሙሉ በሙሉ ይጠፋል።

16 ባይታችን በ4 በ4 ቢት ሲከፈል 32 ቁራጭ ነው፣ ከሃሚንግ በኋላ 32 ባይት ማለት 256 ቢት ይሆናል። 32 ረድፍ በ8 ዓምድ አድርጋችሁ አስቡት፣ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ የሃሚንግ ቃል ነው። ስትልኩ በረድፍ ሳይሆን በዓምድ ላኩት፣ መጀመሪያ የ32ቱንም ቃላት 1ኛ ቢት፣ ቀጥሎ የ32ቱንም 2ኛ ቢት፣ እንዲህ እያላችሁ እስከ 8ኛ። ሪሲቨሩ መልሶ ይደረድረዋል። እስከ 32 ተከታታይ ቢት ሙሉ በሙሉ ቢገለበጥ እንኳን ከእያንዳንዱ ቃል ሚነካው አንድ ቢት ብቻ ስለሆነ ሁሉም ይጠገናል። በሰከንድ 2000 ቢት ስትልኩ 32 ቢት 16 ሚሊሰከንድ ነው። ደረጃ 1 ላይ ያያችሁት የጅምላ ስህተት ከዚህ ሚረዝም ከሆነ ሁለት ፓኬት አንድ ላይ ቀላቅሉ፣ ወይ ፍጥነቱን ቀንሱ (ፍጥነት ሲቀንስ ግን ፓኬቱ አየር ላይ ሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል)።

ደረጃ 5፦ ኋይትኒንግና ሲንክ

ርካሽ ሪሲቨር ብዙ 0 ተከታትሎ ሲመጣበት ራሱን ወደ ኖይዝ ያስተካክልና ይጠፋል። ራዲዮሄድ ይሄን ሚፈታው 4 ቢትን በ6 ቢት እየቀየረ ነው፣ እኛ ግን ቦታውን ለሃሚንግ ሰጥተነዋል ስለዚህ ኋይትኒንግ እንጠቀማለን፣ ማለትም 256ቱን ቢት ከሆነ የተዘበራረቀ ከሚመስል ተከታታይ ጋር ኤክስኦር ማድረግ። ፒኤን9 ሚባለው ቀላል ነው፣ 9 ቢት ሬጅስተር ሁሉም 1 ሆኖ ይጀምራል፣ የሚወጣው 0ኛው ቢት ነው፣ በሌላ በኩል ሚገባው የ0ኛውና የ5ኛው ኤክስኦር ነው። የመጀመሪያዎቹ ባይቶች በሄክስ ኤፍኤፍ፣ ኢ1፣ 1ዲ መሆናቸውን አረጋግጡ (ቀድሞ የወጣው ቢት ታችኛው ሆኖ ሲቆጠር)። ደስ ሚለው ኋይትኒንግ ስህተት አያባዛም፣ አንድ የተበላሸ ቢት ሲፈታም አንድ ነው።

ሲንክ (ፓኬቱ እዚህ ጀመረ ሚል የታወቀ የቢት ቅደም ተከተል) ላይ ጥንቃቄ። ኮዱ ፓኬቱን እንጂ ሲንክ ቃሉን አይጠብቀውም፣ ሲንኩ ላይ አንድ ቢት ተበላሽቶ ሪሲቨሩ ፓኬቱ መጀመሩን ካላወቀ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። 32 ቢት ሲንክ ተጠቀሙ፣ የሳተላይት ሰዎች ሚጠቀሙበት በሄክስ 1ኤ ሲኤፍ ኤፍሲ 1ዲ ሚለው ጥሩ ነው፣ ከዛ ከ32ቱ እስከ 3 ቢት ቢለያይም ተቀበሉት። ባዶ ኖይዝ በአጋጣሚ ሲንክ መስሎ ይገባል ብላችሁ ካሰባችሁ ልክ ናችሁ፣ በሰከንድ 2000 ቢት ሲሆን በአማካይ በየ6 ደቂቃ ተኩሉ ገደማ አንዴ ይገባል፣ እሱን ሲአርሲው ይጥለዋል። እስከ 2 ቢት ብቻ ከፈቀዳችሁ ከአንድ ሰዓት በላይ አንዴ ይሆናል።

ከሲንኩ በፊት ቢያንስ 32 ቢት 1010 እያለ ሚሄድ መነሻ ጨምሩ። ጠቅላላው 32 + 32 + 256 = 320 ቢት፣ 160 ሚሊሰከንድ ነው።

ቅደም ተከተሉን አታምታቱት። ሲላክ፦ ዳታ፣ ሲአርሲ፣ ሃሚንግ፣ ኢንተርሊቪንግ፣ ኋይትኒንግ፣ ከዛ ፊቱ ላይ መነሻና ሲንክ። ሲቀበል ፍጹም ተገላቢጦሹ ነው፣ ሲንክ ካገኘ በኋላ ኋይትኒንግ ይፈታል፣ ይደረድራል፣ ሃሚንግ ይጠግናል፣ መጨረሻ ላይ ሲአርሲ።

ደረጃ 6፦ ራዲዮ ሳትነኩ ሞክሩት

ሁለቱንም ፋንክሽን አንድ ኮምፒውተር ላይ አድርጋችሁ መሃል ላይ ራሳችሁ አበላሹት። ከ0 እስከ 224 ካለው እያንዳንዱ ቦታ ጀምራችሁ 32 ተከታታይ ቢት ገልብጡ፣ ሁሉም መጠገን አለበት፣ አንድ እንኳን ቢቀር ኢንተርሊቨሩ ላይ ስህተት አለ። ከዛ 33 ቢት ገልብጡ፣ አሁን በትክክል አንድ ቃል "አላወቅኩም" ሚል ምልክት ይዞ መምጣት አለበት። ይሄን ሳታልፉ ጣራ ላይ አትውጡ፣ ምክንያቱም እዛ ላይ የሶፍትዌር ስህተትና የሲግናል ችግር አንድ ዓይነት ነው ሚመስለው።

ምን ያህል ይጠቅማል ለሚል ሰው ሂሳቡ ይኸው። ከ100 ቢት 1 በዘፈቀደ ሚበላሽ ከሆነ፣ ያለ ኮድ የሚላክ 16 ባይት ንጹህ ሆኖ ሚደርሰው 28 በመቶ ያህሉ ነው። "ኮዱ ፓኬቱን እጥፍ ስላደረገው እኔ ሁለቴ ብልከውስ" ካላችሁ፣ ሁለቴ ብትልኩት ቢያንስ አንዱ ሚደርሰው 48 በመቶ ነው። በሃሚንግ አንዴ ብቻ ሲላክ ግን 92 በመቶ። የአየር ላይ ጊዜው ያው፣ ባትሪው ያው! ከ10 ቢት 1 ሚበላሽ ከሆነ ግን ሃሚንግም አይደርስላችሁም፣ ከሺህ አንዱ ፓኬት ነው ሚያልፈው፣ እሱ የአንቴና ወይ የቦታ ችግር ነው።

ትንሽ ጨምሮ ብዙ ማግኘት

ሪሲቨሩ በአንድ ቢት 8 ናሙና ይወስዳል ብያለሁ። 8 ለ 0 የሆነ ቢትና 5 ለ 3 የሆነ ቢት እኩል አይታመኑም፣ ስለዚህ የናሙናዎቹን የድምፅ ቆጠራ አትጣሉት፣ ለእያንዳንዱ ቢት ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ አስቀምጡ። "አላወቅኩም" የተባለ ቃል ሲመጣ ከ8ቱ ቢት በጣም ደካማውን ገልብጡና እንደገና ሠንጠረዡን ጠይቁ፣ ሁለት ከነበረው ስህተት አንዱን በትክክል ከመታችሁ የቀረውን አንዱን ሃሚንግ ይጨርሰዋል። ልክ ነው አይደለም ሚለውን ሲአርሲው ይፈርዳል። ተጨማሪ አየር ላይ ጊዜ ሳያስወጣ ሚገኝ ጥቅም ስለሆነ እኔ ከሁሉም በላይ ምወደው ይሄን ነው።

ሌላ ሞጁል ላላችሁ

ሎራ ሚባለው ረጅም ርቀት ሚሄድ ራዲዮ (ኤስኤክስ1276 እና ዘመዶቹ) ካላችሁ ሃሚንግና ኢንተርሊቪንግ ቺፑ ውስጥ አለ። ኮዲንግ ሬት ሚለው ነው (4/5 ማለት 4 የዳታ ቢት 5 ሆኖ ይላካል)፣ 4/5 እና 4/6 ስህተት ማወቅ እንጂ መጠገን አይችሉም፣ 4/7 እና 4/8 አንድ ይጠግናሉ። ጣልቃ ሚገባ ነገር ካስቸገራችሁ ወደ 4/8 ውሰዱት፣ የዳታው ክፍል ከ4/5 በ60 በመቶ ይረዝማል። ችግራችሁ ርቀት ከሆነ ግን ስፕሬዲንግ ፋክተሩን (እያንዳንዱ ምልክት ምን ያህል ተዘርግቶ እንደሚላክ ሚወስነውን) ጨምሩ፣ አንድ ደረጃ 2.5 ዴሲቤል ያህል ይሰጣል፣ ኮዲንግ ሬት ያንን አይሰጥም። ደሞ በብዛት ሰው ሚጠቀምበት የአርዱዊኖ ሎራ ላይብረሪ ሲአርሲውን አጥፍቶ ነው ሚጀምረው፣ እናንተ አብሩት።

ሲሲ1101 ሚባለው የራዲዮ ቺፕ ላይ ደግሞ ኮንቮሉሽናል ኮድ ከኢንተርሊቨር ጋር አብሮ አለ፣ ሬጅስተር ላይ ማብራት ብቻ ነው፣ ግን ፓኬቱ ቋሚ ርዝመት ካልሆነ አይሠራም። ኤንአርኤፍ24 ሲአርሲና ራሱ ደግሞ መላክ እንጂ መጠገን የለውም፣ ሁለት አቅጣጫ ስለሆነ ግን ለቤት ውስጥ ያ ይበቃዋል።

ኢኤስፒ32 ወይ ከዛ በላይ ካላችሁና ፓኬታችሁ ረዘም ካለ ሪድ ሶሎሞን የተሻለ ነው። ቢት ሳይሆን ባይት ነው ሚጠግነው፣ 8 ባይት ብትጨምሩ 4 ባይት የትም ቦታ ቢበላሽ ይጠግናል፣ የተበላሸው ባይት የቱ እንደሆነ ቀድማችሁ ካወቃችሁ ደግሞ 8። ራሳችሁ አትጻፉት፣ የተፈተነ ላይብረሪ አለ፣ የፊል ካርን ሊብፌክ አንዱ ነው። አርቲኤል ኤስዲአር (ኮምፒውተር ላይ ሚሰካ ርካሽ ሪሲቨር) ላይ በሶፍትዌር ምትቀበሉ ከሆነ ሬት 1/2 የሆነውን ኮንቮሉሽናል ከቪተርቢ (ኮዱን መፍቻ ዘዴ) ጋር ሞክሩ፣ ቪተርቢው ቢቱን 0 ወይ 1 ብቻ ሳይሆን የእርግጠኝነቱን መጠን ስትሰጡት 2 ዴሲቤል ያህል ያተርፋል። የናሳ ቮየጀር መንኮራኩሮች ከጁፒተር ማዶ ሆነው ዳታ የላኩት ይሄንን ኮድ ይዘው ነው፣ በኋላም ሪድ ሶሎሞን ከላዩ ተደርቦበት።

ሁሉም ሥራ ከጀመረ በኋላ ሪሲቨሩ ስንት ቢት እንደጠገነ ከእያንዳንዱ ፓኬት ጋር እንዲመዘግብ አድርጉት። ፓኬቱ ሁሉ በትክክል እየደረሰ ሚጠገነው ቢት ግን ከሳምንት ሳምንት እየጨመረ ከሄደ ዳታው መጥፋት ሳይጀምር ጣራ ላይ ወጥታችሁ የአንቴናውን ብየዳና ባትሪውን እዩ።